ሠሪው የጠፋበት ዝምድና፦ የሰውና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ግንኙነት በተመራማሪዎች አገላለጽ

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፉ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ያተኮሩት በመሣሪያው ችሎታ ላይ ነበር። ምን ያህል ያሰላል፣ ምን ያህል ይተረጉማል፣ ምን ያህል ይሳሳታል የሚለው ነበር ዋናው ጥያቄ። ባለፉት ዓመታት ግን ሌላ ጥያቄ እየጎላ መጥቷል፤ በሰውና በመሣሪያው መካከል ያለው ነገር ምን ተብሎ ይጠራል? የሥነ ልቡና፣ የሥነ ተግባቦት፣ የሕግና የፍልስፍና ምሁራን ለዚህ ጥያቄ ልዩ ልዩ መጠሪያ አቅርበዋል። አንዱ መሣሪያ፣ ሌላው ባልደረባ፣ ሦስተኛው ጓደኛ፣ አራተኛው አገልጋይ ይለዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መሣሪያውን ሳይሆን እነዚህን መጠሪያዎች ነው።

ጉዳዩ የእስልምና ጥናትን የሚመለከተው በሸሪዓ ትምህርት ስም ተራ ነገር ስላልሆነ ነው። አንድ ጉዳይ ኪራይ ነው ወይስ ሽያጭ፣ አደራ ነው ወይስ ብድር ተብሎ ሲሰየም ብይኑም አብሮ ይለወጣል። አደራ የተቀበለ ሰው ንብረቱ ያለ እርሱ ጥፋት ቢጠፋ አይጠየቅም፤ የተበደረ ግን ገንዘቡ በምንም መንገድ ቢጠፋበት ዕዳው ከጫንቃው አይወርድም። ስም ኃላፊነትን ይዞ ስለሚመጣ ፉቀሃእ አንድን ግንኙነት ከመሰየማቸው በፊት ወገኖቹ እነማን እንደሆኑና የእያንዳንዳቸው ዚማ፣ ማለትም ዕዳና ግዴታ የመሸከም አቅም፣ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

የምንሞግተው ነጥብ አንድ ነው። ከላይ የተጠቀሱት አገላለጾች አብዛኞቹ ግንኙነቱን በሁለት ወገኖች መካከል ብቻ ያኖሩታል፤ በሰውየውና በመሣሪያው መካከል። ሦስተኛው ወገን፣ መሣሪያውን የሠራው፣ የሚያስተዳድረውና ጥቅሙን የሚሰበስበው አካል፣ ከዐረፍተ ነገሩ ይወጣል። ሠሪው ሲወጣ ተጠያቂነትም አብሮት ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከክፍሉ የወጣው ሠሪ

የዘርፉ ጸሐፊዎች ታሪኩን ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከጆሴፍ ዋይዘንባም ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ምሁር የነበሩት ዋይዘንባም በ1966 ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። ይበልጥ የታወቀው ቅጂው የሥነ ልቡና ሐኪምን አነጋገር የሚያስመስል ሲሆን፣ ሥራው በአመዛኙ ተናጋሪው ያለውን ገልብጦ በጥያቄ መልክ መመለስ ነበር። ዋይዘንባም በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየች የገዛ ጸሐፊያቸው ከኤላይዛ ጋር ጥቂት ቃላት እንደተለዋወጠች እርሳቸው ከክፍሉ እንዲወጡላት ጠየቀቻቸው። ዋይዘንባምን ያስደነገጣቸው ቀላል ፕሮግራም በአጭር ጊዜ በጤናማ ሰው ላይ ያን ያህል ማሳደሩ ነበር።

ይህ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ሲጠቀስ የሁለት ወገኖች፣ የጸሐፊዋና የኤላይዛ፣ ታሪክ ሆኖ ነው። በክፍሉ ውስጥ ግን ሦስተኛ ሰው ነበረ፤ የወጣውም እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፉ ብዙ ጥናቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው ማለት ይቻላል፤ ሠሪውን ከክፍሉ አስወጥተው ተጠቃሚውን ከሥራው ጋር ብቻቸውን ያጠናሉ። በዋይዘንባም ዘመንና በዛሬው መካከል ያለው ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። ዋይዘንባም ውጣ ሲባሉ መውጣት የሚችሉ ሰው ነበሩ። የዛሬው ሠሪ የወጣ መስሎ ከበሩ ጀርባ ሆኖ ያዳምጣል፤ የሚነገረውን ይመዘግባል፣ ከሚነገረውም የነገውን መሣሪያ ያበጃል።

በ1996 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ባይረን ሪቭስና ክሊፎርድ ናስ ያሳተሙት ሥራ ለዘርፉ መሠረት ጥሏል። ካደረጓቸው ሙከራዎች አንዱ እንዲህ ነው። ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከሠሩ በኋላ አሠራሩን እንዲገመግሙ ይጠየቃሉ። ጠያቂው ያው ኮምፒውተር ሲሆን ሰዎቹ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው እንደሚያደርጉት አስተያየታቸውን ያለዝባሉ፤ ጠያቂው ሌላ ኮምፒውተር ሲሆን ግን ይበልጥ ግልጽ ይሆናሉ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ የደረሱበት ድምዳሜ ጥንቁቅ ነበር። ሰዎች ኮምፒውተር ሰው ነው ብለው አያምኑም፤ የማኅበራዊ ኑሮን ሥርዓት ግን ሳያስቡት ይሠሩበታል። ይህ ስለ ሰው ልማድ የተገኘ እውቀት ነው። ችግሩ የመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው። «ሰዎች መሣሪያውን እንደ ማኅበራዊ ተዋናይ ያዩታል» የሚለው አነጋገር በተከታታይ ጥናቶች ሲደጋገም «እንደ» የምትለዋ ቃል እየደበዘዘች፣ መሣሪያው ራሱ ማኅበራዊ ተዋናይ ተብሎ እንደ አንድ ወገን መቆጠር ጀመረ። ስለ ሰዎች የተገኘ ውጤት ስለ መሣሪያው የተነገረ መስሎ ቀረ።

፪. ምሥጢርን ማን ተቀበለ?

ሁለተኛው የአገላለጽ ቤተሰብ «ጓደኝነት»ን መነሻ ያደርጋል። በ2017 ለሕዝብ የቀረበው ሬፕሊካ የተባለው መተግበሪያ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ዋና ማሳያ ሆኗል። በ2021 የኖርዌይ ተመራማሪዎች 18 የመተግበሪያውን ተጠቃሚዎች አነጋግረው ባሳተሙት ጥናት፣ በሰውና በመሣሪያው መካከል ያለውን ነገር ለማስረዳት ኢርዊን አልትማንና ዳልማስ ቴይለር በ1973 ያቀረቡትን ንድፈ ሐሳብ ተጠቀሙ። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት የሰዎች ቅርርብ የሚያድገው አንዱ ለሌላው ራሱን ደረጃ በደረጃ እየገለጠ ሲሄድ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ሥራና ስለ አየር ጠባይ፣ ቀጥሎ ስለ ፍርሃትና ስለ ተስፋ ይጫወታሉ።

ጥናቱ የተጠቃሚዎቹን ስሜት በአክብሮት መመዝገቡ የሚያስመሰግነው ነው። ብቸኛ ሰው በሌሊት የሚያዋየው ቢያገኝና ልቡ ቢያርፍ ያ ዕረፍት ሐሰት አይደለም፤ ሊናቅም አይገባም። ንድፈ ሐሳቡ ግን ከጉዳዩ ጋር ይገጥማል ወይ? አልትማንና ቴይለር ያሉት መግለጥ የጋራ ነው። እኔ ምሥጢሬን ስነግርህ አንተም የምታጣው ነገር ያለህ ሰው ነህ፤ ምሥጢሬን ብታወጣ ታፍራለህ፣ ወዳጅ ታጣለህ፣ በአላህም ፊት ትጠየቃለህ። በመተግበሪያው ግን የሚገልጠው አንዱ ብቻ ነው። የሌላኛው «ገለጣ» ለዚሁ ተብሎ የተሰናዳ ንግግር ነው።

ዑለማኦች ስለ ምሥጢር ሲናገሩ ከአማና ምዕራፍ አይለዩትም። በስብሰባ የተነገረ ቃል አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ ተቀባይ ይሻል። ሱረቱል አሕዛብ አማናን ሰማያትና ምድር ሊሸከሙት ፈርተው ሰው የተሸከመው ነገር አድርጎ ይገልጸዋል። እንግዲህ ለመተግበሪያው የተነገረውን ምሥጢር ማን ተሸከመው? መሣሪያው ሊሸከመው አይችልም፤ የሚጠየቅበት ዚማ የለውምና። ይሁን እንጂ ምሥጢሩ በአየር ላይ አልቀረም። የኩባንያው ቋት ውስጥ ገብቷል። አደራ ተቀባይ ሳይኖር የአደራው ዕቃ ግን በአንድ ሰው እጅ አለ ማለት ነው። ጓደኝነት በሚለው ስም የተጻፈ ጥናት ይህን እጅ አያሳይም።

እጁ ግልጥ ብሎ የታየበት ጊዜም አለ። በየካቲት 2023 የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ለሕፃናትና በስሜት ለተጎዱ ሰዎች ሥጋት መሆኑን ጠቅሶ ሬፕሊካ የጣሊያን ተጠቃሚዎችን መረጃ እንዳይሠራበት አገደ። በዚያው ሰሞን ኩባንያው መተግበሪያው የፍትወት ይዘት ያላቸውን ንግግሮች እንዳይቀጥል አደረገ። ብዙ ተጠቃሚዎች «ጓደኛዬ ተለወጠብኝ» ብለው አዘኑ፤ ተመራማሪዎችም ሐዘኑን ከሰው ሞትና መለየት ከሚመጣ ሐዘን ጋር እያነጻጸሩ አጠኑት። እኛ እዚህ ላይ የምናነሳው የንግግሩን ሐላልና ሐራም አይደለም፤ እርሱ በቦታው የታወቀ ነው። የምናነሳው የተለወጠው ማን ነው የሚለውን ነው። ጓደኛ ተለወጠ ሲባል ልቡን የቀየረ አንድ አካል እንዳለ ይገመታል። እዚህ ግን ውሳኔውን የሰጠው አንድ ድርጅት ነው። ተጠቃሚው ሲያለቅስ የነበረው በመሣሪያው ቢሆንም፣ ግንኙነቱ ከመጀመሪያው የነበረው ከድርጅቱ ጋር ነበር። የተመራማሪ ሥራ ይህን መለየት ነው፤ የሐዘንተኛውን ቃል ተቀብሎ የጥናቱ መጠሪያ ማድረግ አይደለም።

፫. ባሪያ፣ እንስሳ፣ ሕጋዊ ሰው

ሦስተኛው ቤተሰብ ከሕግና ከፍልስፍና የመጣ ነው። በ2010 ጆአና ብራይሰን ሮቦቶች ባሪያዎች ሊሆኑ ይገባል የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አሳተሙ። የጽሑፉ ዓላማ እኛ ከምንለው ብዙም አይርቅም፤ መሣሪያ የሰው ንብረት ነው፣ ኃላፊነቱም ከሠሪውና ከባለቤቱ መውረድ የለበትም ነው የሚሉት። የመረጡት ቃል ግን ዓላማቸውን ያበላሸዋል። በፊቅህ ኪታቦች ባሪያ ነፍስ የሌለው ዕቃ አይደለም። ሶላትና ጾም ግዴታው ነው፣ ሐዲስ ቢያስተላልፍ ታማኝነቱ ተመርምሮ ይወሰድለታል፣ በአላህ ፊት ራሱን ችሎ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ሙአዚን ሐበሻዊው ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ.) ከባርነት የወጣ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ «ባሪያ» የሚለው ቃል ነፍስ አልባን ለመግለጽ ሲውል ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ቃሉ የሚያስታውሰው ነፍስ ያልነበረውን ዕቃ ሳይሆን ነፍስ እያለው የተካደውን ሰው ነው።

ኬት ዳርሊንግ በ2021 ባሳተሙት መጽሐፍ ሮቦቶችን ከሰው ይልቅ ከእንስሳ ጋር ማነጻጸር እንደሚሻል ይሞግታሉ። ይህ ንጽጽር ለፊቅህ አንባቢ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እንስሳ ጉዳት ሲያደርስ ማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ በኪታቦቻችን ለዘመናት የተብላላ ነው። ፉቀሃእ «የእንስሳው ባለቤት» ብለው ብቻ አያልፉም። የተቀመጠበትን፣ ከኋላ የሚነዳውንና ከፊት የሚስበውን ለየብቻ ይጠቅሳሉ፤ እንስሳው በእግሩ ረገጠ ወይስ በጭራው መታ፣ በጎዳና ነው ወይስ በገዛ መሬቱ፣ በቀን ነው ወይስ በሌሊት ብለው ይጠይቃሉ። ንጽጽሩ የሚጠቅመን እንስሳና መሣሪያ ስለሚመሳሰሉ አይደለም። እንስሳ ይራባል፣ ያመዋል፣ በባለቤቱም ላይ ሐቅ አለው። የሚጠቅመን ከእንስሳው በላይ፣ በኋላውና በፊቱ ያሉትን ሰዎች መጠየቅ ስለሚያስተምረን ነው። ተጠቃሚው የተቀመጠበት ነው፤ የሚነዳውስ ማን ነው? የሚስበውስ?

በተቃራኒው መሣሪያውን «ሕጋዊ ሰው» ለማድረግ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። በየካቲት 2017 የአውሮፓ ፓርላማ ባጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ፣ እጅግ የረቀቁ ሮቦቶች ለሚያደርሱት ጉዳት ካሳ ይከፍሉ ዘንድ «ኤሌክትሮኒክ ሰው» የሚል የሕግ ደረጃ ወደፊት ሊሰጣቸው የሚችልበት ሁኔታ እንዲጠና ጠየቀ። በ2018 ከ150 የሚበልጡ ባለሙያዎች በግልጽ ደብዳቤ ተቃወሙት። በጥቅምት 2017 ደግሞ ሶፊያ የተባለ ሮቦት በሪያድ በተካሄደ የኢንቨስትመንት ጉባኤ ላይ የሳዑዲ ዜግነት እንደተሰጠው ተነገረ። ይህኛው ለማስታወቂያ የተደረገ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ሆኖም የስያሜን አደጋ ያሳያል። ዜጋ የሚጠየቅ ነው። ሶፊያ ብትሳደብ ለፍርድ የሚቆመው ማን ነበር?

የዚህ አገላለጽ ፍሬ ምን እንደሚሆን በካናዳ የታየ ጉዳይ ይነግረናል። ሴት አያቱ የሞቱበት አንድ መንገደኛ ለሐዘንተኞች ስለሚደረግ የዋጋ ቅናሽ የኤር ካናዳን ድረ ገጽ መላሽ ፕሮግራም ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ቅናሹን ከጉዞ በኋላም በ90 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚቻል ነገረው። አየር መንገዱ ግን ደንቡ ይህን አይፈቅድም ብሎ ከለከለው። ክስ ሲመሠረትበት ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ፕሮግራሙ ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ የሆነ የተለየ አካል ነው የሚል ነበር። በየካቲት 2024 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ዳኝነት አካል ይህን ውድቅ አድርጎ፣ ድርጅቱ በድረ ገጹ ላይ ለሚወጣው ሁሉ ኃላፊ መሆኑን በመግለጽ ወለድና ወጪን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ክርክሩ ግን ትልቅ ነው። በጥናት መጽሔቶች «ራሱን የቻለ ተዋናይ» እየተባለ የሚጻፈው ቃል በፍርድ አደባባይ የባለቤቱ ማምለጫ ሆኖ ቀረበ ማለት ነውና።

በፊቅህ የጉዳት ካሳ ሕግ ቀጥተኛ ፈጻሚ (ሙባሺር) እና ሰበብ የሆነ (ሙተሰቢብ) ሲገናኙ ብይኑ ወደ ቀጥተኛው ፈጻሚ እንደሚዞር የታወቀ ነው፤ የኦቶማን መጀለም በ90ኛ አንቀጹ ደንግጎታል። ይህን ደንብ በችኮላ የሚያነብ ሰው ፕሮግራሙን ሙባሺር፣ ድርጅቱን ሙተሰቢብ አድርጎ የአየር መንገዱን ክርክር ሊያጸድቅ ይችላል። ደንቡ ግን ብይን የሚሸከም ፈጻሚን ይመለከታል። ፈቃድና ዚማ የሌለው ነገር በመካከል ሲገባ ብይኑ አልፎት ወደ ሰው ይሄዳል።

፬. በእኛ ወገን ያለው ጉድለት

ትችታችን ወደ ምዕራባውያን ተመራማሪዎች ብቻ ቢያነጣጥር ፍትሐዊ አይሆንም። በሙስሊም ጸሐፊዎች ዘንድ የሚዘወተረው አገላለጽ መሣሪያው «ኣላ»፣ ማለትም ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ እንደ አጠቃቀሙ ነው የሚል ነው። ለመደገፊያም መንገዶች የግባቸውን ብይን ይይዛሉ የሚለው የፊቅህ መርሕ ይጠቀሳል። ቢላ ዳቦ ቢቆርጥ ሐላል፣ ነፍስ ቢያጠፋ ሐራም ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም እንዲሁ ነው ተብሎ ምዕራፉ ይዘጋል።

መርሑ ትክክል ነው፤ ምሳሌው ግን አይበቃም። ቢላ ስሜን ጠርቶ አያነጋግረኝም። ቢላ ትናንት የነገርኩትን ዛሬ አያነሳብኝም። ቢላውን የሸጠልኝ አንጥረኛ ቢላው በእጄ ካለ በኋላ ስለቱን ከሩቅ ሆኖ ሊያዶለዱም ወይም ሊያሾል አይችልም። «ዕቃ ነው» የሚለው አገላለጽ ጓደኛ ከሚለው ጋር ጠበኛ ቢመስልም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ሠሪውን ያስወጣሉ። አንደኛው ጥያቄውን ሁሉ በመሣሪያው ልብ ላይ፣ ሌላኛው በተጠቃሚው ኒያ ላይ ይጥለዋል። ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ ነገሩን የጂን ሥራ ወይም የደጃል ምልክት አድርጎ የሚሰብክ። ይህም ቢሆን ሠሪውን ከሰው ዓለም አውጥቶ ከጥያቄ ነጻ ያደርገዋል።

አሳሳቢነቱ በእውቀት ጉዳይ ይጎላል። ተመራማሪዎች መሣሪያውን «አስተማሪ» ብለው ሲገልጹት፣ በወሎ፣ በጅማና በሐረር የኪታብ ማዕከላት ያደገው አንባቢ የሸይኽንና የደረሳን ግንኙነት ያስባል። ያ ግንኙነት በኢስናድ የታሰረ ነው። ሸይኹ ከማን እንደቀራ ይታወቃል፣ ለደረሳው ኢጃዛ ሲሰጥ ስሙን ከሰንሰለቱ ውስጥ ያኖራል፣ ቢሳሳት የሚታረም ሰው ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ከአስተላላፊ ሁለት ነገር ይሻሉ፤ ዐዳላ፣ ማለትም ቅንነት፣ እና ደብጥ፣ ማለትም ጥንቃቄ። መሣሪያው ደብጡ ቢመሰገን እንኳ ዐዳላው አይጠየቅም፤ ተክሊፍ የለበትምና። ደብጡም ቢሆን የተረጋገጠ አይደለም፤ የቋንቋ ሞዴሎች የሌለ ምንጭ ከነቁጥሩ አሰማምረው እንደሚጽፉ የታወቀ ነው።

ሊቃውንቱ ለዚህ የሚቀርብ ምድብ አላቸው። አንድ ሰው ከባለቤቱ ሳይሰማ በጽሑፍ ብቻ ያገኘውን «ዊጃዳ» ይሉታል፤ ከመቀበያ መንገዶችም ዝቅተኛው እርሱ ነው። የአስተላላፊውን ጉድለት ለመሸፈን ከሰንሰለቱ አንዱን መደበቅ ደግሞ «ተድሊስ» ይባላል፤ በንግድ ምዕራፍ የዕቃን ነውር መደበቅም በዚሁ ስም ይጠራል። ከመሣሪያው የሚገኝ መልስ ቢበዛ ዊጃዳ ነው። መልሱን ከየት እንዳመጣው፣ ማን አርሞ እንዳሠለጠነው፣ ለማን ጥቅም እንደተቃኘ ሳይገለጥ «አስተማሪ» ሲባል ግን ወደ ተድሊስ ይጠጋል።

፭. ሠሪን የሚያሳይ ስም

የእስልምና ሥልጣኔ የሚንቀሳቀሱና ሰውን የሚመስሉ መሣሪያዎችን ዛሬ አይደለም ያወቀው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የበኑ ሙሳ ወንድማማቾች፣ በ1206 ደግሞ በዲያርበኪር የአርቱቅ ገዢዎች አገልጋይ የነበረው አል-ጀዘሪ ስለ እነዚህ ጽፈዋል። የአል-ጀዘሪ ገዢ ለውዱእ ውኃ የሚያፈስለት አገልጋይ አልወደደምና መሣሪያ እንዲሠራለት አዘዘው፤ አል-ጀዘሪም አሠራሩን ከነክፍሎቹ በሥዕል አስረድቶ አስቀመጠ። እነዚህ ሥራዎች የተጠሩበት ስም «ሒያል» ነው፤ የ«ሒላ» ብዙ ቁጥር፣ ብልሃት ማለት ነው። ብልሃት የዕቃው ሳይሆን የብልሁ ነው። ስሙ ራሱ አንባቢውን ከአሻንጉሊቱ ፊት ወደ ሠሪው እጅ ይመራዋል።

የከላም ሊቃውንትም የፈጣሪን መኖር ሲያስረዱ የሚነሡት ከዚሁ ነው፤ የተሠራ ሁሉ ሠሪ አለው። ከተሠራው ወደ ሠሪው መሻገርን የአስተሳሰቡ መሠረት ያደረገ ትውፊት፣ ስለ ተሠራ ነገር ሠሪውን ሳያነሣ ቢጽፍ በገዛ መሠረቱ ላይ ይፈርዳል።

በሱረቱ ጣሃ የተነገረው የሳምራዊው ወይፈን ታሪክ በዚህ ረገድ ልብ ተብሎ መነበብ አለበት። ንጽጽሩን ስናነሳ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቃሚ ሁሉ ጣዖት አምላኪ ነው ማለታችን አይደለም፤ የጥያቄውን ቅደም ተከተል ለማየት ነው። ወይፈኑ ድምፅ ነበረው። ሱራው ሕዝቡን የሚወቅሰው ወይፈኑ ቃል እንደማይመልስላቸው፣ ጉዳትም ጥቅምም እንደማይችልላቸው አለማስተዋላቸውን አንሥቶ ነው። አንዳንድ ሰባኪዎች ከዚህ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው የመሣሪያውን ባዶነት በአለመናገሩ ሊያስረዱ ይሞክራሉ። ዛሬ ይህ ማስረጃ አይቆምም፤ መሣሪያው ይመልሳል። ሱረቱል አዕራፍ ግን ንግግርን ብቻውን አልተወውም፤ መንገድ አለመምራቱንም አክሎበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) አካሄድ ነው። ሲመለሱ ወይፈኑን አላነጋገሩም። ሕዝቡን ጠየቁ፣ ወንድማቸውን ሃሩንን (ዐ.ሰ.) ጠየቁ፣ ቀጥሎም ሠሪውን በስሙ ጠርተው ጉዳዩ ምን እንደሆነ ጠየቁት። ተጠቃሚው፣ ጠባቂው፣ ሠሪው፤ ሦስቱም ተጠያቂ ናቸው። ለዘመናችን ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ የጥያቄ ቅደም ተከተል አናውቅም።

፮. የአማርኛው ዕዳና ሀብት

ጉዳዩ በቋንቋችን ሲጻፍ የራሱ ጠባይ አለው። በአማርኛ የተለመደው «ሰው ሠራሽ» የሚለው ቅጽል ዕድለኛ ትርጉም ነው፤ ሠሪውን ከስሙ ውስጥ አስቀርቶታል። ዐረብኛውም «ኢስጢናዒ» ሲል ሥራንና ሠሪን ከሚያመለክተው ሥር ይመዝዛል። ዕዳው ያለው «አስተውሎት» ላይ ነው፤ ማስተዋል በአማርኛ ከማስላት ይልቅ ለልብ ንቃት ይቀርባልና።

ሰዋስዉም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አማርኛ ግዑዝን ለብቻ የሚያመለክት ተውላጠ ስም ስለሌለው ግሡ ሁሉ ጾታ ይይዛል፤ ከላይ ስለ ሶፊያ ስንጽፍ ሮቦቱን አንድ ጊዜ በወንድ፣ አንድ ጊዜ በሴት አንቀጽ መጥራት የተቻለው ለዚህ ነው። «መሰከረልኝ»ና «መሰከረብኝ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ሲሆን፣ ያቺ ፊደል አድራጊው ለእኔ ቆሞ ነው ወይስ በእኔ ላይ የሚለውን ትናገራለች። «አስታወሰልኝ»፣ «ፈለገልኝ» ያለ ተጠቃሚ እንግዲህ የቋንቋውን ልማድ ተከተለ እንጂ መሣሪያው ያስብልኛል ብሎ አምኗል ማለት አይደለም። ቃለ መጠይቅ የሚተነትን ተመራማሪ ሰዋስውን እምነት አድርጎ እንዳይቆጥረው ያስፈልጋል።

ከውጭ የተተረጎመ መጠይቅ ደግሞ የባሰ ነው። «መሣሪያው ይረዳኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ቢሰፍር «ረ» ላልታ ስትነበብ ያግዘኛል፣ ጠብቃ ስትነበብ ሐሳቤ ይገባዋል ማለት ነው። አንዱ መልስ ሰጪ ስለ ዕቃ፣ ሌላው ስለ ወዳጅ ይመልሳል፤ ቁጥሩ ግን በአንድ ሠንጠረዥ ይደመራል። «ያግዘኛል» እና «የምለው ይገባዋል» ብሎ ለይቶ መጻፍ ወጪ የለውም።

እኛ የምንጠይቀው አዲስ መጠሪያ እንዲፈጠር አይደለም። ተጠቃሚ መሣሪያውን ጓደኛዬ ቢል ከልካይ የለውም፤ የሰው ልብ ለዛፉም ለበቅሎውም ስም ሲያወጣ ኖሯል። ተመራማሪ ግን መሣሪያ፣ ጓደኛ ወይም አስተማሪ ብሎ በጻፈ ቁጥር ሦስት ነገር አብሮ ይጻፍ፤ የሠራውና የሚያስተዳድረው ማን ነው? የተነገረው ምሥጢር በማን እጅ ነው? ጉዳት ቢደርስ ብይኑ በማን ላይ ያርፋል? ለሦስቱ መልስ የሌለው ጥናት ስሜትን መዝግቦ ይሆናል፤ ግንኙነትን ግን ገና አልገለጸም።

ወላሁ አዕለም።